እንግሊዙ ከተነሣልህ

የደብረ ኤልያሱ ፈንታ ቅኔውን ጨርሶ፣ ትርጓሜ መጻሕፍቱን አገባድዶ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ የሚማረው አለቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፣ ወይ ደብር ተጠግቶ ማሕሌት ይቆማል፣ ወይ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። ፈንታ ሦስቱንም አልወደደም። የሚወደው መማር ነው፤ ከመማርም ገና ያልገባውን። የገባው ነገር እንደ በሉበት ገበታ ነው፤ ገፋ አድርጎ ይነሣል።

ዘመኑ 1929 ዓ.ም. ነበር። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል፣ አርበኛው በየዱሩ ነው፣ ንጉሡ እንግሊዝ አገር ናቸው። ፈንታ ይህን ሁሉ ደማመረና አንድ ቀን ምሳ ላይ ለሚስቱ ለየብርጓል አሳቡን ገለጸላት። ጣልያን መውጣቱ አይቀርም፤ የሚያስወጣው ደግሞ ንጉሡን ያስጠጋው እንግሊዝ ነው፤ እንግሊዝ በመጣ ጊዜ በጎጃም ምድር ቋንቋውን ከነምሥጢሩ የተማረ አንድ ሰው ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም፤ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

የብርጓል እንዝርቷን አላቆመችም። ፈታይ ናት፤ የእሷ ድር ሸማኔ እጅ ላይ ተበጥሶ አያውቅም ተብሎ የተመሰከረላት። እንግሊዝኛ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ብቻ ጠየቀችው። ቅኔው ሰባት ዓመት ወስዶበታል፤ እንግሊዝኛ ቅጽል የላትም ሲባል ስለሰማ ቢበዛ አራት ትወስዳለች አለ። ቅጽል የላትም ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«አራት ገብስ» አለች የብርጓል። «አራት ገብስ ብቻዬን አሳርሼ ብቻዬን አሳጭዳለሁ። ለአምስተኛው ሳትመረቅ ከመጣህ እርፉን ትጨብጣለህ።»

ውሉ ይህ ነው። መመረቅ የሚባለው ደግሞ ነገር አለው። በቤተ ክህነት ትምህርት መምህሩ ራሱ ተነሥቶ «በቃህ» ብሎ ካልመረቀ፣ ተማሪው መጽሐፉን ገልብጦ ቢያነበንበው እንኳ ምንም አልተማረም። ማስተማር አይችልም፣ ተማርሁ ማለትም አይችልም። ፈንታ አራት ዓመት ሙሉ ሲሮጥ የነበረው ለዚያች ለአንዲቷ ምርቃት ነው።

መምህሩ የተገኘው ሮብ ገበያ ነው፤ ከደብረ ኤልያስ በእግር ሁለት ቀን። ስሙ ጥሩሰው ይባላል። ዳንግላ ከአንድ እንግሊዝ ቤት ዘጠኝ ዓመት ወጥ ሲሠራ ኖሮ፣ ጣልያን ሲገባ እንግሊዙ ወዳገሩ ሲሄድ እሱ ወደ ጮቄ ግርጌ ሸሸ። ከእንግሊዝ ጋር የኖረን ሰው ጣልያን ያድናል ስለተባለ ገብሱን እየዘራ፣ ድንቹን እየኮተኮተ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንግሊዝኛው ግን እውነተኛ ነው። ፊደሉን የእንግሊዙ ሚስት እመቤቲቱ አስቆጥራዋለች፣ ንግግሩን ከምድጃው ዳር ለምዶታል። በእንቁላል፣ በእሳት፣ በቢላዋና በስድብ ረገድ የሚስተካከለው አልነበረም።

ፈንታ ደርሶ እግሩ ላይ ወደቀና «የኔታ» አለው። ጥሩሰው ማን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ፊቱን በመለሰ ጊዜ ነገሩን ተቀብሎ ጨርሶ ነበር።

የድሮው ደንብ ጸና፤ ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የመምህሩን ማሳ ያርሳል፤ መምህሩ ያስተምራል። ፈንታ በዚያው ቀን የአንድ ሳምንት የአስታ እንጨት ፈልጦ ከደረደረ በኋላ፣ ከጥሩሰው ቤት ፊት ለፊት የሣር ጎጆ ቀልሶ ገባ። ለበዓል ብቻ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተስማሙ። በማግስቱ መጽሐፉ ወጣ።

የወጣው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ ምን እንደሆነ ከአሁኑ ይነገር። የልብስ መኪና መመሪያ ነው። ክሩ እንዴት እንደሚገባ፣ ዘይቱ የት እንደሚንጠባጠብ፣ ቢበላሽ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ከዚያ ያለፈ አንዳች ነገር አይናገርም። ሽፋኑና የፊተኞቹ ቅጠሎች ስለተገነጠሉ ስም የለውም። ሃያ ሁለት ቅጠል ቀርቷል፤ ከመካከሉም አንድ ሥዕል አለ፤ አንገቱን የደፋ ጥቁር ወፍ የመሰለ፣ ምንቃሩ መርፌ፣ ጅራቱ መንኮራኩር። ፈንታ የልብስ መኪና በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ሁለት ዓረቦች ሱቃቸው ውስጥ ነበራቸው፤ እሱ ግን ገበያ ከወጣ ብራና ካለበት ወዲያ አያልፍም፤ የሚለብሰውንም የብርጓል በእጇ ነው የምትሰፋው።

ስለ ምን እንደሚናገር ለምን አልጠየቀም ይባል ይሆናል። አይጠየቅማ። በእሱ ትምህርት ቤት መጽሐፍ መጀመሪያ በቃል ይያዛል፣ ቀጥሎ ቃል በቃል ይፈታል፣ ከዚያ ይተረጎማል። ስለ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጨረሻው ሳይደርስ የጠየቀ ተማሪ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ጥሩሰውም ራሱ አልተናገረም።

በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሁለቱን ቅጠል አንድ ቃል ሳይገባው በቃሉ አወረደው፤ ያውም በዜማ። ጥሩሰው «ዱ ኖት ተርን ዘ ዊል ባክዋርድ» ብሎ እንደ ወጥ ቤት ትእዛዝ ቁርጥ አድርጎ ሲያሰማው፣ ፈንታ በዕዝል ዜማ አዘግይቶ፣ ከመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፁን ሰቅሎ፣ መቋሚያውን ወደ ግራ አዘንብሎ ይመልስለታል። በሁለተኛው ዓመት ፍቺውን አገኘ። መንኮራኩሩን ወደ ኋላ አታዙር። ክሩ ቢበጠስ መርፌዋን ተመልከት። ሳትቀባ አታሠራ።

በሦስተኛው ዓመት ትርጓሜውን ጀመረ፤ ዓለም ተከፈተለት። ክር የተባለ የሰው ዕድሜ ነው፣ መርፌ የተባለ ሹም ነው፤ ሹም ሲጣመም የሕዝቡ ዕድሜ ይበጠሳል፤ ጣልያንን ማለቱ ነው። አንድም፣ ክር ትዳር ነው፣ መርፌ የባል ጠባይ ነው። አንድም፣ ክር ሃይማኖት ነው፤ መርፌውን ግን ሊቃውንቱ ያውቁታል። ጥሩሰው ድንች እየላጠ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ ቢላዋው ይቆማል።

ፈንታ ያነበበውን በሥራ የሚያውል ሰው ነው፤ ጣጣውም ከዚህ መጣ። አሥራ አራተኛው ቅጠል ላይ «በየቀኑ በየቀዳዳው አንዲት ጠብታ ዘይት» የሚል ትእዛዝ አለ። ፈንታ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት አፍንጫ፣ አንድ እምብርት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይለፈውና አምስት። ሁዳዴን ሙሉ የኑግ ዘይት ሲያንጠባጥብ ከረመ። ለፋሲካ ቤቱ ሲገባ የብርጓል የተኛበትን አጎዛ አሸተተችና ከበጎቹ ጋር እንዲያድር አሳቡን አቀረበችለት። በጎቹም አልወደዱትም። እሱ ግን እንደዚያ ዓመት አጥርቶ ሰምቶ እንደማያውቅ መሰከረ፤ አፍንጫውም አላስነጠሰውም።

በዚያው ወራት ወደ ሮብ ገበያ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ ኬላ ላይ ያዙት። የጣልያን ወታደር ማኅደሩን ገልጦ መጽሐፉን አወጣ። ፈንታ የእንግሊዝ መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ጸሎቱን ጀመረ። ወታደሩ ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ከሥዕሉ ደረሰ፣ ቆመ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። አራት ጣልያን በአንድ ሥዕል ላይ ተደፍተው እስኪያለቅሱ ሳቁ። አንዱ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሁለት እግሩን ተረከዝ በጣት፣ ተረከዝ በጣት እያደረገ ረገጠ፣ በእጁም አየሩን ወደፊት ገፋ። ፈንታን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ከነመጽሐፉ ለቀቁት።

ፈንታ እስከ ሮብ ገበያ በሩጫ ነው የደረሰው። ጠላት መጽሐፉን ባየ ጊዜ ልቡ ቀልጦ በፊቱ እንደዘመመ ለየኔታ ነገረው። የእግሩንም አረጋገጥ አልረሳም። ዝማሜው ይህ ኖሯል፤ እስከ ዛሬ ዜማውን ያለ እግር ዝማሜ ሲያወርድ ኖሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እግሩን እየረገጠ ነው የሚያዜመው። ጥሩሰው ይህን ያየ ዕለት ተነሥቶ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ፈንታ አየና መምህሩ ከልብ እያለቀሰ መስሎት አብሮ አለቀሰ።

ሦስተኛው ገብስ ሲወቃ ፈንታ ምርቃት ጠየቀ። ጥሩሰው የተደረደረውን እንጨት አየ፣ አዲስ የተከደነውን ጣራ አየ፣ ሁለቴ የታረሰውን ማሳ አየ። እንዲህ ያለ ተማሪ መርቀው ሲሸኙት ማን ያርሳል?

«እንግሊዝ ፊት ቀርበህ መጽሐፉን ታወርዳለህ» አለው። «ሰምቶህ ከተቀመጠበት ከተነሣልህ፣ ያን ጊዜ እመርቅሃለሁ። ካልተነሣልህ ገና ነህ።»

ይህን ሲል በልቡ ተማምኖ ነው። አንደኛ፣ በአገሩ እንግሊዝ የለም። ሁለተኛ፣ ቢኖርም አይነሣም፤ ዘጠኝ ዓመት ሾርባ ይዞ ሲገባ አንድም ቀን ብድግ ያለለት አልነበረም።

እንግሊዙ መጣ። መጋቢት 1933 መጨረሻ ላይ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ፤ አርበኛውና ከሱዳን በኩል የዘለቁት እንግሊዞች ገቡ። ወሬው ሮብ ገበያ በደረሰ ቀን ፈንታ ነጠላውን አጥቦ አሰጣ። ጥሩሰው ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። ፈንታ አህያ ተውሶ መጣ። አህያዋ ትጥላለች ቢለው ሰንጋ ፈረስ ላስመጣልዎ አለ። ጥሩሰው የቀረው ምክንያት ስላልነበረ ተሳፈረ።

ፈንታ የእንግሊዙን ፈተና ለበዓል ሲሄድ ነግሯት ስለነበር፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የብርጓል ቀድማቸው መጥታለች። አራተኛው ገብስ ከጎተራ ገብቷል፣ የአምስተኛው እርሻ ደርሷል። ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ ከቅርጫቷ ጨርቅ ገልጣ የማረሻውን ብረት አሳየችው። ሞፈሩ ከብዷት እንጂ እሱንም ታመጣው ነበር።

«ለመመረቂያህ ነው» አለችው። «ከተመረቅህ መልሼ እወስደዋለሁ። ካልተመረቅህ አንተ ትሸከመዋለህ።»

ጣልያን ከለቀቀው ምሽግ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ በር ላይ፣ አንድ የእንግሊዝ ካፒቴን ከብስኩት ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ጢማም፣ ቁምጣ የለበሰ ሰው ነው። አራት ቀኑ፤ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ሹማምንቱ መጥተው እጅ ሲነሡት ከተቀመጠበት አንገቱን ደፋ። ካህናቱ መስቀል ይዘው ሲመጡ ቁጭ እንዳለ ባርኔጣውን አወለቀ። እንግዳ ሲገባ ብድግ የማይል ሰው በጎጃም እንደ ሰው አይቆጠርም፤ ከተማው ትዕቢተኛ ነው ብሎ ፈርዶበታል። ጥሩሰው ወሬውን ሰምቶ ፊቱ በራ፤ «አላልሁህም?» አለው ለፈንታ። 

ካፒቴኑ ትዕቢተኛ አልነበረም። ቁምጣው ከኋላ በኩል ተቀዶ ነው። ከሱዳን ጀምሮ ግመል አልቆበት፣ ጓዙ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ኮርቻና እሾህ ተባብረው ያችን አንዲት ቁምጣ ከወገብ እስከ ጭን ተርትረዋታል። በማግስቱ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ሰልፍ ላይ መቆም አለበት። ጣልያን መጋዘኑ ውስጥ ትቶት የሄደውን የልብስ መኪና ወታደሮቹ ሲታገሉት ቢውሉ፣ ክሩ በሁለት በሦስት ስፌት እየተበጠሰ አስቸገራቸው። ስለዚህ ይቀመጣል።

ጥሩሰው ከአህያዋ ወርዶ እጅ ነሣና በለመደው እንግሊዝኛ እንቁላሉ እንዴት እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ካፒቴኑ ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል አልሰማም ነበርና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጥሩሰው ይህ ሰው ተማሪው እንደሆነ፣ አራት ዓመት እንግሊዝኛ እንደተማረ፣ ዛሬ ሊፈተን እንደመጣ አስረዳው። ካፒቴኑ ይቀጥል ብሎ በእጁ አመለከተ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። የብርጓል ከፊት ተቀመጠች፤ ማረሻውን ከጉልበቷ ላይ አድርጋለች።

ፈንታ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት እግሩን መርገጥ ጀመረ። ድምፁን ለቀቀው።

በመጀመሪያው ቅጠል ላይ የካፒቴኑ አፍ ተከፈተ። በሁለተኛው ላይ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ ይህን ተንኮል ያቀናበረው የትኛው እንደሆነ በዓይኑ ፈለገ። በሦስተኛው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ሣጥኑ ከሥሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግን አልተነሣም። ፈንታ ዘይቱን አወረደ፣ መንኮራኩሩን አወረደ፣ ላቡ በአንገቱ ወረደ። እንግሊዙ ቁጭ እንዳለ ነው። የብርጓል ማረሻውን ከግራ ጉልበቷ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ፈንታ አያት።

ያን ጊዜ ደንቡን ጥሶ፣ ስድስት ቅጠል ዘልሎ፣ ከሁሉ የሚወደውን ምዕራፍ አነሣ። ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ክሩን አትርገም፤ መርፌዋን ተመልከት። ረጅሙ ቦይዋ ክሩ ወደሚገባበት ጎን ካልዞረ ተገልብጣ ገብታለች፤ አውጥተህ አዙራት።

ባርኔጣው ከካፒቴኑ ፊት ወረደ። ፈንታ ደገመለት፤ አሁን በአራራይ ዜማ፣ እያባበለ። አውጥተህ አዙራት። ካፒቴኑ እንደ ተወጋ ሰው ዘለለና ቆመ።

ከኋላው የነበሩት ሁሉ አዩ። ከፊቱ የነበሩትም ከኋላ የነበሩት ሲጮኹ ዞረው አዩ። ፈንታ ግን ያየው መነሣቱን ብቻ ነው፤ አስተዳደጉ አሸነፈውና «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለው፤ በልቡ እንዳይቀመጥ እየጸለየ።

ካፒቴኑ አልተቀመጠም። በአንድ እጁ ባርኔጣውን ከኋላው ይዞ፣ በአንድ እጁ ፈንታን ክንዱን ይዞ ወደ መጋዘኑ ጎተተው። ጥሩሰውና የብርጓል ተከተሉ።

መጋዘኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንገቱን የደፋ ጥቁር ወፍ ቆሟል። ምንቃሩ መርፌ፣ ጅራቱ መንኮራኩር። ከሥሩ የእግር መርገጫ አለ።

ፈንታ ቀረበ። መንኮራኩሩን በጣቱ ነካው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ እጁ ሳያውቀው ወደ ጆሮው ሄደ።

«የኔታ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«የልብስ መኪና» አለ ጥሩሰው።

«ያውቁ ነበር?»

ጥሩሰው መሬት መሬት እያየ መለሰለት። «መጽሐፉን ከእመቤቲቱ መኪና መሳቢያ ነው ያወጣሁት። የመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ነበር፤ እንጨቱን ፈልጠህ ስለነበር አፈርሁ። በሁለተኛው ዓመት ልነግርህ ነበር፤ ጣራ ላይ ነበርህ። በሦስተኛው አንተ መተርጎም ስትጀምር እኔም ግራ ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ቀሚስ ሲሰፋበት ያየሁት መኪና ነው፤ አንተ ስታወርደው ግን ሹሙ ሲጣመም፣ ሕዝቡ ሲበጠስ ታየኝ። ድንቹን ሳልልጥ የቀረሁበት ቀን አለ።»

ፈንታ የሚመልሰው ብዙ ነበረው። ካፒቴኑ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ኋላው አመለከተ፤ እውነትም ከሁሉ የሚቸኩለው እሱ ነው። ብርድ ልብስ አገልድሞ ቁምጣውን አውልቆ ሰጠ።

ፈንታ ተቀመጠ። ከዚህ ወዲያ የሆነው ሁሉ ለዓይን ያስገርም ነበር። ምዕራፉን እያዜመ መርፌዋን ፈታት፤ በእርግጥም ተገልብጣ ነበር፤ አዞራት። የጠመንጃ ዘይት ለምኖ በየቀዳዳው አንዲት ጠብታ፣ አንድም ሳያስቀር። ክሩን አምስት ቦታ አሾልኮ አገባ፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። እግሩም ዝማሜውን ከኬላው ቀን ጀምሮ ለምዶታል። ረገጠው። መኪናው ተንደቀደቀ፣ ክሩ አልተበጠሰም። ደስታው ልኩን አለፈ፤ ማቆምን የሚናገረው ቅጠል ከተገነጠሉት ውስጥ ስለነበር ዝም ብሎ ረገጠ። ሲያበቃ ቁምጣዋ ግራ እግሯ ተደፍኗል፣ የፈንታም ነጠላ ጫፍ አብሮ ተሰፍቶባታል።

የብርጓል ማረሻውን መሬት አስቀመጠችው። ቁምጣዋን ከባሏ ነጠላ ላይ ተረተረች፣ ከዱቄት ከረጢት ጥሩ ቁራጭ መርጣ ቀደደች፣ ከውስጥ በኩል ደርባ በጣቷ አቃናችው።

«ፈቀቅ በል» አለችው። «አንተ ርገጥና አዚም። ጨርቁን ለእኔ ተወው።»

እሱ ረገጠ፣ እሷ ገፋች። አንዲት ስፌት አልተወላገደችም።

ካፒቴኑ ቁምጣውን ለብሶ ወጣና የአራት ቀን ዕዳውን በአንድ ከሰዓት ከፈለ። ለገባው ሁሉ ብድግ አለ። ለካህን ተነሣ፣ ለባላገር ተነሣ፣ በር ላይ ላለፈ አህያ ነጂም ተነሣ። ወሬው ሲሰማ ሰው በአንዱ በር እየወጣ በሌላው እየተመለሰ ሁለቴም ሦስቴም ተነሣለት፤ ከአምበር ለገበያ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሰባት ጊዜ ገብቷል ይባላል።

የብርጓል ግን ውል አልረሳችም። ማረሻውን መልሳ አንሥታ ከሁለቱ መካከል ቆመችና ፍርድ ጠየቀች። እንግሊዙ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?

ፈንታ ራሱ ነው ያደናቀፈው። ሐሰት አይወድም። «ተነሥቷል፤ ግን የተነሣው ለቁምጣው ነው እንጂ ለእኔ አይደለም» አለ። እጁንም ወደ ማረሻው ዘረጋ።

ጥሩሰው እጁን ያዘው። በሕይወቱ መጽሐፍ ተርጉሞ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት ግን ሲሰማ ኖሯል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀና አለ፣ እንደ ሊቅ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግሊዙ ተነሣ። ለምን ተነሣ? ለቁምጣው ተነሣ። አንድም፣ ለአንተ ተነሣ፤ ያለ አንተ ቁምጣው አይሰፋምና። አንድም፣ ዘጠኝ ዓመት ሾርባ ላመጣሁለት ለእኔ ተነሣ። ኋለኛው ይበልጣል፤ ፊተኛው ግን አይቀርም። ና፣ ጎንበስ በል።»

ፈንታ ጎነበሰ። ጥሩሰው ራሱ ላይ እጁን ጭኖ እንትፍ እንትፍ አለበትና መረቀው። ክርህ አይበጠስ፣ መርፌህ አይገልበጥ፣ ዘይት አትጣ፤ ጆሮህን ግን ተወው። ፈንታ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የብርጓል ማረሻውን ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው።

መኪናውን የእኔ ነው ብሎ የመጣ አልነበረም። ካፒቴኑ ሰልፉን አድርጎ ሲሄድ ለእነሱ እንዲተው አዘዘ። ባልና ሚስት ከገበያው አፋፍ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ እየረገጠ ያዜማል። ገብሱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። ማረሻው እስከ መጨረሻው ድረስ የጨርቅ መጫኛ ሆኖ አገልግሏል፤ አንሶላ ሲቆረጥ እንደሱ የሚይዝ አልተገኘም። የመኪናውን መሳቢያ ጥሩሰው ነው የከፈተው፤ መጽሐፉን በገዛ እጁ አስገብቶ ዘጋበትና «ወደ ቤቱ ገባ» አለ።

በዚያው ክረምት ፈንታ ሮብ ገበያ ድረስ ሄዶ እንጨት ፈልጦ ደረደረ። ጥሩሰው አሁን ምን ቀረህ ብሎ ጠየቀው። ፈንታ የልብስ መኪናው ገብቶት እንዳለቀ፣ ሌላ መጽሐፍ ካለ መቀጠል እንደሚፈልግ ተናገረ። ጥሩሰው ከአልጋው ሥር ጎትቶ ሽፋን የሌለው፣ ጥግ ጥጉ በቅባት የወዛ መጽሐፍ አወጣ።

«በዚህኛው ግን አልበድልህም» አለው። «ስለ ምን እንደሆነ ከአሁኑ እነግርሃለሁ።»

ፈንታ መጥረቢያውን አስቀምጦ ተቀመጠ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ እግሩን አዘጋጀ።

«አይንገሩኝ፣ የኔታ» አለ።